ጸጥታ ፍለጋ ወደ ዘጌ፦ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ፣ ልጆቻችሁን ከውሃው ጠብቃችሁ



«ዶክተር፣ ትንሽ አየር ለውጬ ብመጣ ይሻለኝ ይሆን?»

ይህን ጥያቄ በምርመራ ክፍሌ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። የሚጠይቁኝ እንቅልፍ ያጡ፣ ራስ ምታት የማይለቃቸው፣ በትንሽ በትልቁ ልጆቻቸው ላይ የሚጮኹና በኋላ የሚጸጸቱ፣ ሥራና ቤት መካከል ሲመላለሱ ራሳቸውን የረሱ ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ መልሴ «አዎ፣ ሂዱ» ነው። ግን ከዚያ ቀጥሎ የምናገረው ነገር አለ። በወረፋ መካከል በሁለት ደቂቃ ስለማያልቅ ዛሬ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

በሌላው ዓለም ከተማ የሰለቸው ሰው ወደ ወይን አብቃይ መንደር ይሄዳል። በተክሉ መካከል ይመላለሳል፣ ጸጥ ባለ ቤት ያድራል፣ ይመለሳል። የእኛ «የወይን መንደር» የት ነው ብትሉኝ እኔ የምጠቁማችሁ ዘጌን ነው። ዘጌ ወይን አታበቅልም። የምታበቅለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው።

ዘጌ ምን አላት?

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ውሃው የገባች፣ በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነች መሬት ናት። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ትወስዳለች፤ በየብስም መድረስ ይቻላል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎች ጥንታዊ ገዳማትና አድባራት በዚህ ደን ውስጥ ናቸው።

የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ለአቡነ በትረ ማርያም በጸሎታቸው የተሰጡ ናቸው። በዚያው ልማድ መሠረት በዘጌ መሬት በበሬ አይታረስም፤ ከብትም አይረባም። ስለዚህ ደኑ ሳይመነጠር ቆይቷል፤ ቡናውም የሚያድገው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። የጣና ሐይቅና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

እኔ ተደጋጋሚ የሌሊት ዲዩቲ ካለቀ በኋላ የምሄደው ወደዚያ ነው። ከጀልባ ወርጄ በድንጋያማው የእግር መንገድ ሽቅብ ስወጣ መጀመሪያ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወፎቹ ይሰማሉ። ከዚያ ስልኬን ከኪሴ ማውጣት እረሳለሁ። ማታ መብራት ሲጠፋ ሰውነቴ ወዲያው ይተኛል። በሁለተኛው ቀን ትከሻዬ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ይወርዳል።

ይህ ስሜት ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ በሩጫና በድንጋጤ የሚኖር ሰው ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን የጭንቀት ሆርሞኖች ያበዛል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይሳሳል፣ ሆድ ይታወካል። በቂ እንቅልፍ፣ በቀን ብርሃን በእግር መንቀሳቀስና ከጫጫታ መራቅ ይህን ያረግባሉ። ስለዚህ «አየር መለወጥ» የሚለው የአባቶቻችን ምክር መሠረት አለው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጸጥታ ሰውን ያሳርፋል እንጂ በሽታን አያድንም። ደስ የሚለው ሐይቅም የራሱ በሽታ አለው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

«እኔ ሳርፍ መድኃኒቱም ይረፍ»

አንድ የደም ግፊት ታካሚዬ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ወጥተው ሲመለሱ ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ አገኘሁት። መድኃኒቱን ወስደው እንደነበር ስጠይቃቸው እየሳቁ «እኔ ሳርፍ መድኃኒቱም ይረፍ ብዬ ቤት ተውኩት» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱ ከበፊቱ በላይ ሊወጣ፣ የልብ ሕመምም ሊቀሰቀስ ይችላል።

ዕረፍት ላይ ሳላችሁ ጤንነት ቢሰማችሁ፣ ያ ጤንነት የመጣው መድኃኒቱን ስለምትወስዱ ጭምር ነው። ስለዚህ፦

የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ መድኃኒታችሁን ከምትቆዩበት ቀን ቢያንስ ለ3 ቀን ጨምራችሁ ያዙ። ጀልባ ሊዘገይ፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳችሁ ይሁን፤ ከጭነት ጋር አይሂድ። ከማረፊያው ወደ ገዳማቱ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ፣ እያረፋችሁ ውጡ። ደረት ላይ ጫና ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ ቁሙ፤ «ትንሽ ቀረኝ» አትበሉ። ቁጭ ብላችሁ ካረፋችሁ በኋላ የማይለቅ የደረት ሕመም ካለ ጉብኝቱ እዚያ ላይ ያበቃል። በፍጥነት ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ነው።

የስኳር ሕመምተኞች፣ በእግር ስትጓዙ ስኳራችሁ ሊወርድ ስለሚችል ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር አይጥፋ። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ረሃብ ሲሰማችሁ ወዲያው ውሰዱ። ተከፍቶ በአገልግሎት ላይ ያለ ኢንሱሊን በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቀዝቃዛ ጥላ ቦታ እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ የመድኃኒት ባለሙያችሁን ጠይቁ። ፀሐይ የሚመታው መኪና ወይም ጀልባ ውስጥ ግን ፈጽሞ አትተዉት።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በቤታችሁ ካለ ይህን በተለይ አንብቡ። መድኃኒት መዝለልና እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ዋናዎቹ ናቸው፤ በጉዞ ወቅት ደግሞ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ውሃ አጠገብ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ሕይወት ያጠፋል። መድኃኒቱ በሰዓቱ ይወሰድ፤ በጀልባ ላይ ጃኬት ይልበስ፤ ሐይቁ ዳር ብቻውን አይሁን።

ወደ ገዳማቱ ለጸበል የምትሄዱም ብዙ ናችሁ። እምነታችሁን አከብራለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳርና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በጸበል ምክንያት አቋርጠው እጅግ ተዳክመው የሚመጡ ሰዎችን ማየት ለእኔ ከባድ ነው።

ጣና ያምራል፤ ለዋና ግን አይሆንም

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ።

ልጅ ውሃ ሲያይ መግባት ይፈልጋል። በተለይ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በሕይወቱ ይህን ያህል ውሃ አይቶ የማያውቅ። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙና ሲሳሳቁ ሲያይ ደግሞ ማን ይይዘዋል? ወላጁም «ይጫወት፣ ስንት ቀን ነው!» ይላል። እኔም ልጆቹን ወደ ውሃው ሲሮጡ ሳይ ደስታቸው ይገባኛል። ግን ሐኪም ስለሆንኩ ከውሃው በታች ያለውንም አስባለሁ።

በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። በሐይቁ ዙሪያ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ አግኝተውታል። እዚህ ያለው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው፣ ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው ዓይነት ነው።

እንዴት ይይዛል? በሽታው ያለበት ሰው ሐይቁ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ወደ ውሃ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ዳር ዳሩን በሣርና በቄጠማ መካከል በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ለሳምንታት ከተባዛ በኋላ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣል። በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በጠነከረችበት በቀትር አካባቢ ነው፤ ልጆች መዋኘት በሚወዱበት ሰዓት ማለት ነው። እጩ ያልቆሰለ ጤነኛ ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ ሰንጥቆ ይገባል። መዋጥ አያስፈልገውም። እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ማስገባት ብቻ ይበቃዋል።

ከገባ በኋላ አድጎ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፤ ለዓመታት እንቁላል ይጥላል። የሚጎዳው በዋናነት ትሉ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ የሚቀሩት እንቁላሎች ናቸው። በልጆች ላይ የሆድ ሕመም፣ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የደም ማነስ፣ የዕድገት መቀነስ፣ በትምህርት መድከም ያመጣል። ካልታከመ ከዓመታት በኋላ ጉበትና ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ ደም እስከማስታወክ ያደርሳል።

አብዛኛው ሰው ግን መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማውም። ለዚህ ነው «ልጄ ዋኝቶ ምንም አልሆነም» የሚለው ዋስትና የማይሆነው።

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ልመልስ፦

«ጀልባ ላይ መሄድ ይይዛል?» አይይዝም። ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ ሐይቁን ማየት ችግር የለውም። ስትወርዱ ግን ልጁ በውሃው ውስጥ እየረገጠ አይውጣ፤ ተሸከሙት።

«ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ?» እጩ በዓይን አይታይም። ጥራት ማረጋገጫ አይሆንም።

«በክሎሪን የታከመ መዋኛ ገንዳስ?» በደንብ በክሎሪን ከታከመ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው። ልጁ መዋኘት ከፈለገ ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ገንዳ ያለበት ሆቴል ፈልጉለት፤ ከዓይናችሁ ግን አይራቅ።

«በሐይቅ ውሃ ገላ መታጠብስ?» አንድ ደቂቃ በደንብ ከፈላ በኋላ የቀዘቀዘ፣ ወይም በተከደነ ማጠራቀሚያ ከ1 እስከ 2 ቀን የቆየ ውሃ ለመታጠብ ከቢልሃርዝያ አንጻር ችግር የለውም፤ እጩ ያለ ሰው ወይም እንስሳ ብዙ አይኖርም። ለመጠጥ ግን ማቆየት አይበቃም፤ የፈላ ወይም የታሸገ ውሃ ብቻ ጠጡ፤ ታይፎይድና ጃርዲያም አሉና።

«ሳላስበው ውሃ ነክቶኝ ነበር፤ ምን ላድርግ?» ወዲያው በፎጣ ጠንከር አድርጋችሁ አድርቁ። ሊቀንስ ይችላል፤ ግን አትተማመኑበት።

ልጁ ከዋኘስ?

መደንገጥ አያስፈልግም። ቢልሃርዝያ ሊታከም የሚችል በሽታ ነው። ግን ጊዜውን ማወቅ አለባችሁ።

ከጉዞው በተመለሳችሁ ማግስት ልጁን ይዛችሁ ብትመጡ የሰገራ ምርመራው «የለም» ይላል፤ ትሉ ገና እንቁላል አልጣለምና። ምርመራው የሚጠቅመው ውሃው ከነካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የታየ ሰገራም ጥቂት እንቁላል ሊያመልጠው ስለሚችል ሐኪሙ ሊደግመው ይችላል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። በክብደት ተለክቶ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። የሚገድለው ያደገውን ትል ስለሆነ «ለጥንቃቄ» ብላችሁ በዋኘ በማግስቱ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ብትሰጡት የገቡትን እጮች አያጠፋም። «መድኃኒቱን ወስዷል» ብላችሁም ትዘናጋላችሁ።

ከዋኘ በኋላ በቀናት ውስጥ የቆዳ ማሳከክና ሽፍታ፣ ወይም ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሳልና የሰውነት ቁርጥማት ከመጣ ግን 8ኛውን ሳምንት አትጠብቁ። ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ለሐኪሙም «ጣና ውስጥ ዋኝቶ ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ምርመራ ታድናለች። ካልነገራችሁት አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ከየት ያውቃል?

እዚህ ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ስም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳዩ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ታዲያ ይህን ሰምታችሁ እንዶድ በጥብጣችሁ እንዳትጠጡ! እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን ነው። ለሰው ሲጠጣ መርዝ ነው።

ስለ ዘጌ ልጆችም እናስብ

ከላይ «አትግቡ» ያልኳችሁ እናንተ ምርጫ ስላላችሁ ነው። ሐይቁ ዳር የሚኖር ልጅ ግን ውሃ የሚቀዳው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ታንኳ የሚቀዝፈው እዚያው ነው። እናንተ ለሦስት ቀን የምትጠነቀቁለት ውሃ ለእርሱ የዕለት ኑሮው ነው። አንዴ ታክሞ ቢድን እንኳ በማግስቱ እንደገና ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ ቢያንስ አትጨምሩበት። ሐይቁ ዳር፣ ቄጠማው ውስጥ ወይም ከጀልባ ላይ መጸዳዳት ፈጽሞ አይገባም። ልጃችሁንም «ሕፃን ነው» ብላችሁ እዚያ አታስቀምጡት። የዳይፐር ቆሻሻ ይዛችሁ ተመለሱ። ከመነሣታችሁ በፊት ማረፊያው ሽንት ቤት እንዳለው ጠይቁ። እንግዶች ሁሉ ይህን ከጠየቁ አዘጋጆቹም ይሠሩታል።

በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ የምትኖሩ ወላጆች ደግሞ፣ በትምህርት ቤት ዘመቻ የሚሰጠውን የቢልሃርዝያ መድኃኒት ልጆቻችሁ እንዲወስዱ ፍቀዱ። በባዶ ሆድ ሲወሰድ የማዞርና የማቅለሽለሽ ስሜት ሊበዛ ስለሚችል የዚያን ቀን ቁርስ አብልታችሁ ላኩ።

ትኩሳት ከመጣ፦ ወባን አትርሱ

ባሕር ዳርና ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ብዙ ቦታዎች የወባ ሥጋት አለባቸው። ዋናው ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነው፤ ዘጌ ለምልማ እጅግ የምታምርበትና ብዙ ሰው የሚሄድበት ጊዜ። ከደጋ የሚመጣ ሰው፣ በተለይ ሕፃንና ነፍሰ ጡር፣ የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጠናበት ይችላል።

አጎበር ያለበት ክፍል ጠይቁ፤ ካልሆነ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከምሽት ጀምሮ ልጆቹን ረጅም እጅጌና ሱሪ አልብሱ። ነፍሰ ጡሮችና ከ5 ዓመት በታች ልጆች ያሏችሁ በወባ ወቅት ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ጉዞውን ወደ ሌላ ወቅት ማዛወርም አንድ አማራጭ ነው።

ወባ በወባ ትንኝ ከተነደፋችሁ ከ7 ቀን በኋላ ጀምሮ ሊታይ ይችላል። ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ባሉት ወራት ማንኛውም ትኩሳት ሲመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ይደረግ። «ጉንፋን ነው፣ የመንገድ ድካም ነው» ብላችሁ አትቆዩ።

ጀልባው፣ ጦጣው፣ ቡናውና ጠላው

ጀልባ፦ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም በልኩ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ጃኬቱ ወንበር ሥር የሚቀመጥ ሳይሆን የሚለበስ ነው። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስና ማዕበል ሊነሣ ስለሚችል በጊዜ ሄዳችሁ በጊዜ ተመለሱ።

ጦጣ፦ በደኑ ውስጥ ጦጣዎች አሉ። ልጆች ምግብ ይዘው ወደ እነርሱ አይጠጉ። ጦጣ ወይም ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተሰጠ ያድናል።

ቡና፦ የዘጌን ቡና በዛፉ ሥር ተቀምጦ መጠጣት ደስታ ነው፤ እኔም አልተውም። ግን እንቅልፍ ፍለጋ መጥታችሁ አመሻሽ ላይ ሦስተኛውን በረካ ከጠጣችሁ የመጣችሁበትን ታጣላችሁ። የደም ማነስ ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች፣ ቡና ከምግብ የሚገኘውን ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ ከምግብም ከአይረን ኪኒናም ቢያንስ በአንድ ሰዓት አርቁት። ነፍሰ ጡር በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ስኒ አትለፍ። ለሕፃን ቡና አይሰጥም።

ጠላና ጠጅ፦ የዘጌ ጌሾ የሚጠመቀው ለእነዚህ ነው። ነፍሰ ጡር «ጠላ ደም ይሆናል» የሚለውን አትስማ፤ በእርግዝና ጊዜ ችግር የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም። የጉበት ሕመም ያለባችሁ፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የምትወስዱም ተጠንቀቁ። ጠጥቶ ጀልባ ላይ መውጣት ደግሞ ለማንም አይሆንም።

ዕረፍት የማያሳርፈው ድካም

በመጨረሻ የምነግራችሁ ለእኔ ዋናው ነው።

ሦስት አራት ቀን ጸጥ ባለ ቦታ ቆይታችሁ፣ በደንብ ተኝታችሁ፣ በልታችሁ ስትመለሱ ድካማችሁ ከቀለለ መልካም፤ ያደከማችሁ ኑሮው ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ሌላው ጥያቄ «ከዘጌ ምን ይዤ ልመለስ?» ይሆናል። ደኑን መሸከም አትችሉም። ማታ ስልክን ከመኝታ ቤት ማስወጣት፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ጥሪ ነፃ መሆን ግን ትችላላችሁ። እነዚህ ሦስቱ ገንዘብ አይጠይቁም። ጉዞ ለማድረግ አቅም የሌላችሁም በዚህ ጀምሩ።

አርፋችሁም ድካሙ ያው ከሆነ ግን አትናቁት። ያ ድካም የሚነግራችሁ ነገር አለ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መዛባት፣ የስኳር ሕመም፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር፣ ቲቢ፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ የማንኮራፋት ችግር፣ ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል። ድብርት የያዘው ሰው በጣም ውብ ቦታ ተቀምጦም ምንም ደስታ ላይሰማው ይችላል። ቤተሰቡ ደግሞ «ይኸው እዚህ ድረስ አምጥተንህ!» ብሎ ይወቅሰዋል። እባካችሁ አትውቀሱት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ከሚወዱት ነገር መራቅ፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መለወጥ ካለ ሕክምና ያስፈልገዋል። «ሕይወቴ ይቅርብኝ» የሚል ሐሳብ ካለ ደግሞ ለዕረፍት ሳይሆን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት።

ከመነሣታችሁ በፊት

✅ የመንገዱንና የአካባቢውን የሰላም ሁኔታ ባሕር ዳር ካለ ሰው ጠይቁ
✅ መድኃኒት፦ ከምትቆዩበት 3 ቀን ጨምራችሁ፣ በእጅ ቦርሳ
✅ አጎበር፣ ረጅም እጅጌ ልብስ፣ የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ
✅ ኦአርኤስና የትኩሳት መለኪያ፣ በተለይ ለሕፃናት
✅ ለሁሉም የሚበቃ የጀልባ ጃኬት መኖሩን አረጋግጡ
✅ ለልጆች ከቤት ሳትወጡ ንገሩ፦ «ሐይቁን እናየዋለን እንጂ አንገባበትም»
✅ የተመለሳችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ትኩሳት ከመጣ ለሐኪም ንገሩ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ካለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይመርመር

ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡበት ካሁኑ እወቁ። በዘጌ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ቤተሰብ በሙሉ የሚያያቸው ናቸው።

ሂዱ፣ እረፉ፣ በሰላም ተመለሱ። ይህን ጽሑፍ ለጉዞ ለሚዘጋጅ ወዳጃችሁና ልጁ ሐይቅ ውስጥ ዋኝቶ ለመጣ ወላጅ አካፍሉት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ይህ ጽሑፍ ግን በአካል የሚደረግ ምርመራን አይተካም።

መልካም ዕረፍት፣ መልካም ጤና!